መንገድ ዳር የተወለደችው ልጅ

ባለፈው ግንቦት ለዘመድ ሰርግ ኮልፌ ሄጄ፣ ከታክሲ ወርጄ አጣና ተራን አቋርጬ ሳልፍ ዝናብ መታኝ። አንድ የቆርቆሮ ጥግ ሥር ተጠለልኩ። ፊት ለፊቴ ገና የተላጠ ባሕር ዛፍ ተቆልሏል። ዝናቡ ሲያርፍበት ያ ሽታ ተነሣ። ጉንፋን ሲይዘን የምንታጠነው የቅጠሉ ሽታ አይደለም። የግንዱ ነው፤ ቅርፊቱ ሲገፈፍ የሚወጣው፣ እጅ ላይ ከተጣበቀ በሳሙና የማይለቀው። አባቴ እንዲህ ነበር የሚሸተው። ኮቱም፣ ባርኔጣውም፣ እሁድ እሁድ የሚለብሰው ነጭ ሸሚዙም። ሰርጉን ረስቼ እዚያው ቆምኩ። ሰባተኛ ክፍል የነበርኩበት ዓመት እንዳለ መጣብኝ።

ዘመኑ የጃንሆይ መጨረሻ አካባቢ ነው፤ እኛ ግን መጨረሻ መሆኑን ምን እናውቃለን። ፎቶግራፋቸው ከጥቁር ሰሌዳው በላይ ተሰቅሎ ቁልቁል ያየናል። የቤት ሥራውን ያልሠራ ሁሉ የሚሸማቀቀው በዚያ ዓይን ነበር። ትምህርት ቤታችን የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ነበረው፤ ዝናብ ሲጠነክር መምህሩ አፉን ሲያንቀሳቅስ እናያለን እንጂ አንሰማውም። የሚያስተምረውም እስከ ሰባተኛ ብቻ ነው። ስምንተኛ ተምሮ የሚኒስትሪ ፈተና መውሰድ የሚፈልግ መርካቶን አቋርጦ ሌላ ሰፈር መሄድ ነበረበት።

አባቴ አቶ ወልዴ ከጉራጌ አገር በልጅነቱ መጥቶ ኮልፌ የከተመ አጣና ነጋዴ ነበር። መስከረም ላይ ሰባተኛ ክፍል ስመዘገብ አስቀምጦ ነገረኝ።

«ስሚኝ ዘኒ። ስምንተኛ እዚሁ ከተከፈተ ትቀጥያለሽ። ካልተከፈተ ግን በመርካቶ መሀል ለብቻሽ ጠዋት ማታ ስትመላለሺ ማየት አልችልም። ከእናትሽ ጋር ትሆኛለሽ።»

«ጎረቤታችን ታደለስ?»

«ታደለ ወንድ ነው፤ አባቱ ይወቅ።»

በክፋት አልነበረም። ፈርቶ ነው። እኔ ግን የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል እዚያ የጭቃ ግቢ ውስጥ ካልበቀለ ትምህርቴ አለቀ። ዲሬክተራችን ስምንተኛ እንዲፈቀድልን ጠይቀዋል፤ ከትምህርት ሚኒስቴር ኢንስፔክተር መጥቶ አይቶን ይወስናል ተብሏል። መቼ እንደሚመጣ ግን የሚያውቅ የለም።

ያን ዓመት ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ሆነ። እስከ ስድስተኛ እንግሊዝኛ እንደ ጨው ጣል ጣል የሚደረግ ነገር ነበር፤ ሰባተኛ ስንገባ ወጡም ጨውም እሱ ሆነ። ይህን የሚያቀርብልን ሚስተር ቶማስ የሚባል ህንዳዊ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጸጉሩን በኮኮናት ዘይት ቀብቶ ወደ ኋላ የሚያስተኛ ወጣት ሰው ነበር። በፍጥነት ይናገራል፤ ትንፋሽ የሚወስደው ጥቁር ሰሌዳ ሲጠርግ ብቻ ነው። ደስ ሲለው ራሱን ግራና ቀኝ ይወዘውዛል። እኛ «አይደለም» የሚል እየመሰለን ትክክለኛውን መልስ ትተን ሌላ እንፈልጋለን፣ እሱም የተናገርነውን ለምን እንደምንለውጥ ግራ ይገባዋል።

ይህ ሰው አንድ የሚወደው አባባል ነበረው። ሒሳብ እያስተማረ ይሁን ሳይንስ፣ ድንገት ጠመኔውን ወደ ታች ያወርድና «ባይ ዘ ቬይ» ይላል። ከዚያ ከትምህርቱ ጋር የማይገናኝ ነገር ያስከትላል። መጀመሪያ ልብ ያልነው በአንድ የጥር ጠዋት ነው። ክፍልፋይ ሲያስረዳን ቆይቶ ቆመና «ባይ ዘ ቬይ፣ ታደለ የት ነው?» ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቀ። ታደለ ጎረቤቴ ነው፤ መንገድ ላይ የሚያየው ሁሉ እግሩን የሚይዘው፣ በሰዓቱ ደርሶ የማያውቅ ልጅ። ጥያቄው ገባን፤ መጀመሪያ ላይ ያለው ነገር ግን አልገባንም።

በእረፍት ሰዓት ወደ ጋሽ ደምሴ ሄድን። ጋሽ ደምሴ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ናቸው፤ ኮርያ የዘመቱ ወታደር። ካፖርታቸውን በጠራራ ፀሐይም አያወልቁም። እንግሊዝኛን ከአሜሪካኖች ጋር ምሽግ ውስጥ ተኝቼ ነው የተማርኩት ይላሉ፤ ይህን የሚጠራጠር ልጅ በግቢያችን አልተፈጠረም።

«ጋሽ ደምሴ፣ ባይ ዘ ቬይ ምን ማለት ነው?» አልኳቸው።

«ቬይ አይደለም፣ ዌይ ነው። ህንዶች ያበላሹታል።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ዌይ መንገድ ነው። ባይ ደግሞ አጠገብ፣ ዳር። ስለዚህ መንገድ ዳር! አዛዣችን ባይ ዘ ሪቨር ካለን ወንዝ ዳር እንሰፍራለን። ባይ ዘ ዌይ ካለን መንገድ ዳር እናደፍጣለን። በቃ።»

ይህን ተናግረው ሳይጨርሱ ታደለ በበሩ ገባ።

«የት ነበርክ አንተ?» አሉት።

«መንገድ ዳር። ፌርማታው ጋ የአውቶቡስ ጎማ ሲቀይሩ እያየሁ።»

ጋሽ ደምሴ እጃቸውን ዘርግተው አዩን። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይምጣ? ሚስተር ቶማስ ታደለ መንገድ ዳር መሆኑን እንዴት እንዳወቀ ብቻ ነው የገረመን። በዚያው ሳምንት «ባይ ዘ ቬይ፣ ነገ በዓል ነው» አለን፤ በማግስቱ ጥምቀት ነበር፤ ታቦቱ በእልልታ በመንገድ አለፈ፤ ክፍሉ በሙሉ መንገድ ዳር ቆመን አየነው። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተዘጋ። ሚስተር ቶማስ ለመንገድ ዳር የተለየ ፍቅር ያለው ሰው ነው ብለን ተቀበልነው።

ፋሲካ አልፎ ትምህርት በተከፈተ ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ሚስተር ቶማስ የሸሚዙን ቁልፍ አዛብቶ ቆልፎ፣ ጸጉሩን ሳይቀባ መጣ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ይመስላል። ስለ ዝናብ ያስተምረን ጀመር። ውሃው ተነነ፣ ወደ ሰማይ ወጣ፣ ደመና ሆነ። ሊዘንብ ሲል ጠመኔው አየር ላይ ቆመ።

«ባይ ዘ ቬይ» አለ ወደ መስኮቱ እያየ፣ «ማይ ዋይፍ... ኤ ቤቢ ገርል። የስተርደይ።»

ሚስቱ፣ ሕፃን፣ ሴት፣ ትናንት፤ ሁሉም ገብቶናል። መንገድ ዳር መሆኑም ገብቶናል። ሚስቱ ትናንት መንገድ ዳር ወልዳለች! እሱ ደግሞ ፈገግ እያለ ወደ ደመናው ተመለሰ። ከጎኔ የተቀመጠችው አስቴር ዓይኗ እንባ ሞላ። እንዲህ ያለ ጉድ ደርሶበት ሥራውን ሳያቋርጥ ዝናብ የሚያዘንብ ሰው ጀግና ነው አልኩ በልቤ።

ለምሳ ስንለቀቅ እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። እናቴ ሽንኩርት ትከትፋለች።

«እማዬ፣ የህንዱ መምህራችን ሚስት መንገድ ዳር ወለደች!»

ቢላዋው ከእጇ ወደቀ። «ምን አልሽ?»

«ትናንት። ራሱ ነው የነገረን።»

«በማርያም! ጎረቤት የላትም እንዴ? ሰው የላትም?»

«እኔ እንጃ።»

«አንዲት ሴት በሰው አገር መንገድ ዳር ወልዳ እኛ እዚህ ሽንኩርት እንከትፋለን!» አለችና ነጠላዋን ከምስማሩ ላይ አወረደች።

ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ስመለስ ግቢያችን በሴቶች ተሞልቷል። አስተርጓሚዋ እኔ መሆኔ ተወስኖ ጠበቀኝ። ወሬው ከአጥር አጥር ሲዘል አካል አብጅቷል። ዝናብ ነበር ተባለ። ዛፍ ሥር ነበረች ተባለ። እትብቱን የቆረጠላት አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፣ እግዜር ይስጠው፣ ተባለ። የሸዋዋ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ገንፎውን በድስት ይዘዋል፤ እናቴ ቅቤ፣ ሌሎቹ በርበሬ፣ የአጥሚት እህል፣ አንዷ ደግሞ ለሕፃኗ መታቀፊያ የሚሆን አሮጌ ግን ንጹሕ ጋቢ። እኔ ፊት ፊት፣ እነሱ ከኋላዬ፣ ሽቅብ ወጣን።

ሚስተር ቶማስ በአንድ እህል ነጋዴ ግቢ ሁለት ክፍል ተከራይቶ ነበር የሚኖር። በሩን ሲከፍት ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጓል። ያን ሁሉ ሴት አይቶ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ጠይቂው» አለች እናቴ፤ «የቱ ጋ ነው የወለደችው?»

ድፍረቴን ሰበሰብኩ። «ሚስተር ቶማስ፣ ባይ ዘ ዌይ... ዌር?»

ትንሽ አሰበና ፊቱ በራ። «ኦ! ኢን ዘ ሆስፒታል! ኢን ዘ ሆስፒታል!»

«ሆስፒታል ሲሄዱ ነው» አልኩ ወደ እናቴ ዞሬ።

«ደጃፉ ደርሳ! ደጃፉ ደርሳ ነው ያመለጣት!» አሉ እትዬ አስካለ፤ ሴቶቹ ሁሉ ከንፈራቸውን መጠጡ። ሚስተር ቶማስ እሱም አብሮ ራሱን ወዘወዘ።

ሚስቱ ጓዳ ተኝታለች። ታላቅ እህቴ ልትሆን የምትችል ልጅ ናት፤ አንድ ወፍራም ጉንጉን ጸጉር ትራሱ ላይ ተዘርግቷል፤ ሕፃኗ ክንዷ ላይ ናት። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሴት የለም። እናቴ ጎንበስ አለችና እንደ ወጉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» አለቻት።

ልጅቷ ደንግጣ ቀና አለች፤ ከዚያ ደረቷን በጣቷ እየነካች «የስ፣ የስ! ማሪያማ! ማሪያማ!» አለች።

ሴቶቹ ባሉበት ቀሩ። ሚስተር ቶማስ ከኋላችን «ሃር ኔም፣ ማሪያማ» ሲል ገባኝ።

«ስሟ ነው! ስሟ ማርያም ነው!» ብዬ ጮህኩ።

ያን ጊዜ የተነሣውን እልልታ ምን ብዬ ልንገራችሁ። እህል ነጋዴው ሚዛኑን ጥሎ ከሱቁ ሮጦ መጣ። «ስሟን ይዛ መች ትጥላታለች!» ይላሉ እትዬ አስካለ። «መንገድ ዳር ስትቀር እሷ ናት አጠገቧ የቆመች!» አንዷ መስኮት ከፈተች፣ አንዷ ወለል ጠረገች፣ እናቴ ሕፃኗን ተቀብላ በቅቤ እጇን አለስልሳ ታሸት ጀመር። ማሪያማ ገንፎውን ቀመሰች፤ ዓይኗን ጨፈነች፤ ከዚያ ከአልጋው ሥር አንድ ብልቃጥ እንድናወጣላት ጠቆመች። ውስጡ በዘይት የተዘፈዘፈ ቀይ ነገር አለ። ገንፎው መሀል ካለው ቅቤ ላይ ጨመረችበት። እትዬ አስካለ «እስቲ» ብለው ሲቀምሱ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ፤ በነጠላቸው ምላሳቸውን ያራግቡ ጀመር። ማሪያማ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ስትስቅ ስትስቅ ቆይታ አለቀሰች።

ተርጉሚልኝ አላለችኝም እናቴ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና በብርድ ልብሱ ውስጥ የልጅቷን እግር በሁለት እጇ ያዘች። ከአገሯ ከወጣች ጀምሮ ከባሏ በቀር አንድም ሰው አቅፏት አያውቅም ነበር፤ ይህን ያወቅነው ቆይተን ነው። እናቴ ግን እግሯን ስትይዝ ያወቀችው መሰለኝ።

ከዚያ ወዲህ እናቴ በየቀኑ ትሄድ ነበር። ሕፃኗን ታጥባለች፤ ማሪያማ ደግሞ ሩዝ በኮኮናት ትሠራላታለች። ሁለቱ ቋንቋ ሳይኖራቸው ለሰዓታት ያወራሉ። እናቴ በአማርኛ፣ አንዳንዴም ሲደክማት በጉራጌኛ፤ ማሪያማ በራሷ አገር ቋንቋ። አባቴ ማታ ሲመጣ እናቴን ካጣት «አሁንም ህንድ አገር ናት?» ይለኛል። እሷም ስትመለስ ልብሷ አዲስ ቅመም ይሸታል።

ሰኔ ገባ። ዝናቡም ገባ። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ደብተራችንን ሰብስበን ልንወጣ ስንል ሚስተር ቶማስ በር ላይ ዞር አለ።

«ባይ ዘ ቬይ፣ መንደይ፣ ዘ ኢንስፔክተር ኢዝ ከሚንግ።»

ኢንስፔክተሩ! ሰኞ! ያውም መንገድ ዳር!

«መንገድ ዳር ወጥተን እንቀበላቸው ማለቱ ነው» አለ ታደለ።

«ለምን ክፍል ውስጥ አንጠብቃቸውም?» አለች አስቴር።

ነገሩ ወደ ጋሽ ደምሴ ቀረበ። ሳቁባት። «ትልቅ ሰው ቤት ቁጭ ተብሎ ነው እንዴ የሚጠበቅ? ጃንሆይ ሲያልፉ ሕዝቡ የሚቆመው የት ነው? መንገድ ዳር! መምህራችሁ ወግ ያውቃል።»

ሰኞ ጠዋት ልብሳችን ታጥቦ፣ ጸጉራችን ተበጥሮ፣ ሰባተኛ ክፍል በሙሉ ወደ ዋናው መንገድ ወረደ። የክፍሉ አለቃ እኔ ስለነበርኩ ሰልፉን ያስያዝኩት እኔ ነኝ፤ አጭር ፊት፣ ረጅም ኋላ። ሌሊቱን ዘንቦ መንገዱ ጭቃ ሆኗል። የባሕር ዛፍ የጫኑ የጭነት መኪናዎች ያልፋሉ፤ ማገዶ የተሸከሙ አህዮች ያልፋሉ፤ ሰዎች «ማን ሊመጣ ነው?» ይሉናል። «ኢንስፔክተር!» እንላለን ደረታችንን ነፍተን። ትምህርት ቤቱ ውስጥ በዚያ ሰዓት ደወል ተደውሎ፣ ሚስተር ቶማስ ባዶ ክፍል ገብቶ፣ ዲሬክተሩ በየሽንት ቤቱ ሳይቀር እየፈለጉን እንደነበር አላወቅንም።

አንዲት ግራጫ ቮልስ ብቅ አለች። ከኋላ ኮትና ክራባት ያደረጉ ሰው ተቀምጠዋል። «እሳቸው ናቸው!» አለ ታደለ፤ አጨበጨብን። መኪናዋ ኩሬ ውስጥ ገብታ ውሃውን እስከ ወገባችን ረጨችውና ጥቂት አልፋ ቆመች። አጭርና ወፍራም፣ መነጽር ያደረጉ ሰው ወረዱ። ፊታቸው ጠቁሯል።

«እናንተ! ማን ነው ከክፍል ያስወጣችሁ?»

ጭብጨባው ሞተ።

«ለእኔ ለማጨብጨብ ብላችሁ ነው ትምህርት ያቋረጣችሁት? ዲሬክተሩ ነው ያዘዘው? እንዲህ ያለውን ነገር አልወድም፤ ንገሩኝ!»

ስምንተኛ ክፍል እዚያው ጭቃ ውስጥ ሲሰምጥ ታየኝ።

«አለቃችሁ ማን ነው?»

ሁሉም አንድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ፤ እኔ ፊት ቀረሁ። ኢንስፔክተሩ ቋንቋቸውን ወደ እንግሊዝኛ ቀየሩ። እዚህ ምን ትሠራላችሁ አሉኝ።

«ሰር» አልኩ፣ ድምፄ የሌላ ሰው ይመስላል፣ «አወር ቲቸር ሴድ፣ ባይ ዘ ዌይ፣ ዘ ኢንስፔክተር ኢዝ ከሚንግ። ሶ፣ ዊ ኬም ባይ ዘ ዌይ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። ሰልፉን ከዳር እስከ ዳር አዩት። ከንፈራቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የባሰ ሊቆጡ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ሌላስ» አሉኝ በቀስታ፣ አሁንም በእንግሊዝኛ፣ «መምህራችሁ ባይ ዘ ዌይ ምን ነግሯችሁ ያውቃል?»

እውነቱን መናገር ይሻላል ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ታደለን፣ ጥምቀትን፣ ከዚያ የሕፃኗን መወለድ ከነሹፌሩ፣ ከነዛፉ። ትናንትና ዛሬ ተደባልቀውብኛል፤ «ሂ» እና «ሺ» ቦታ ተለዋውጠው ባልየው የወለደ እስኪመስል ደርሷል። ግን አላቆምኩም። ገንፎን ምን እንደምለው ጠፍቶኝ «ኤ ሆት ማውንቴን» አልኩ፤ ቅቤው እንዳይቀርብኝ ደግሞ «ዊዝ ኤ ሌክ ኦፍ በተር» ጨመርኩበት። የሚያቃጥል ተራራ፣ አናቱ ላይ የቅቤ ሐይቅ።

ኢንስፔክተሩ ከዚህ በላይ አልቻሉም። ቮልሷን ተደግፈው ሳቁ። ሹፌራቸው አንድ ቃል ሳይገባው እሳቸውን አይቶ ሳቀ። እኛም መሳቅ ይፈቀድ እንደሆነ ሳናውቅ እየተያየን ጀመርን። በዚህ መሀል ሚስተር ቶማስ ሱሪውን ወደ ላይ ሰብስቦ ጭቃውን እየዘለለ፣ ዲሬክተሩ ከኋላው እያለከለኩ ደረሱ። ዲሬክተሩ ፊታቸው እንደ አመድ ነጥቷል።

«ደህና ተቀብላችሁኛል» አሏቸው ኢንስፔክተሩ እንባቸውን እየጠረጉ። «አሁን ወደ ክፍል እንሂድ።»

ኢንስፔክተሩ ባይ ዘ ዌይን ጥቁር ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፉት፤ ከኋላውም ነጠላ ሰረዝ አደረጉበት። ከዚያ በአማርኛ አስረዱን። ስለ አንድ ነገር እያወራህ ሌላ ነገር ትዝ ሲልህ፣ ሳትረሳው ጣል ልታደርገው ስትፈልግ ባይ ዘ ዌይ ትላለህ አሉ። እኛ በነገራችን ላይ እንደምንለው። መጀመሪያ ላይ ይመጣል፣ አንድ ትንፋሽ ትወስዳለህ፣ ከዚያ ወሬህን ታስከትላለህ።

«ታዲያ መንገዱ ምን ያደርጋል?» አለ ታደለ ሳያስበው። ክፍሉ ተደናገጠ።

ኢንስፔክተሩ ግን ደስ አላቸው። «ጥሩ ጥያቄ ነው። አንተስ፣ እግረ መንገዴን ይህን ልንገርህ ስትል እየተራመድክ ነው? ቁጭ ብለህም ትለዋለህ። የእኛም ውስጥ መንገድ አለ፣ የእነሱም ውስጥ መንገድ አለ። ወሬ እንደ መንገደኛ ነው የታያቸው፤ ሲሄድ ዳር ዳሩን የሚያየው ነገር አለ።»

ከዚያ ወደ ሚስተር ቶማስ ዞረው በእንግሊዝኛ አንድ ነገር አሉት። ያን ጊዜ ግማሹ ነው የገባኝ፤ ቀሪውን ኋላ ዲሬክተሩ ነገሩን። የመጀመሪያ ልጅ መወለድ እግረ መንገድ ጣል የሚደረግ ወሬ ነው ወይ ነበር ያሉት። ሚስተር ቶማስም፣ ትልቅ ነገር ፊት ለፊት ስናገር ድምፄ ይንቀጠቀጣል፣ ስለዚህ በጎን አስገባዋለሁ አለ። ሲናገረውም ድምፁ ተንቀጠቀጠ።

ኢንስፔክተሩ ደብተሮቻችንን አዩ፤ ግድግዳውን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ፤ ስለ ስምንተኛ ክፍል አንድም ቃል ሳይተነፍሱ በቮልሳቸው ሄዱ።

ሚስተር ቶማስ ሲወጣ አስቆመኝ። ሴቶቹ ለምን እንደመጡ ያወቀው ዛሬ ከኢንስፔክተሩ ሰምቶ ነው። እስካሁን ይህ አገር ለማያውቀው ሰው ልጅ ሁሉ እንዲህ የሚያደርግ መስሎት፣ ለማሪያማም እንደዚያ ብሎ ነግሯት ኖሯል። መንገድ ዳር ባትወልድ ኖሮ ይመጡ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እናቴን እጠይቃታለሁ አልኩት።

ማታ ሁሉንም ነገርኳት። እጇ ሊጥ ውስጥ እንዳለ ቆመች።

«ታዲያ ሆስፒታል ውስጥ ነው የወለደች? አልጋ ላይ?»

«አዎ።»

«ዛፉም የለ? ሹፌሩም የለ?»

«የለም።»

አሰበችው፤ አሰበችውና ሊጥ ባለው እጇ አፏን ይዛ ሳቀች። «እኔኮ ለሹፌሩ ስንት ቀን ጸለይኩለት!»

«እማዬ፣ መንገድ ዳር ባትወልድ ኖሮ ትሄዱ ነበር ወይ ይልሻል።»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ቤተ መንግሥት ብትወልድስ ገንፎ አትበላም እንዴ?»

በማግስቱ ይህን ለሚስተር ቶማስ ለመተርጎም ደወሉ እስኪደወል ድረስ ፈጀብኝ፤ ሲገባው ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ ምንም ያልተጻፈበትን ሰሌዳ ለረጅም ጊዜ ጠረገ። ጋሽ ደምሴ ግን እስከ መጨረሻው አልተበገሩም። «እዚህ ምን እንደሆነ እንጃ፤ ኮርያ ውስጥ መንገድ ዳር ነበር» አሉ ካፖርታቸውን እያስተካከሉ።

ክረምቱ መጣ፤ ወሬ ግን አልመጣም። ሐምሌ እንዲሁ ዘነበ። እናቴ ስለ ትምህርት አታነሣም። አባቴ ወደ አጣናው ግቢ ይዞኝ መሄድ ጀመረ፤ ማገር የሚሆነውን ከቋሚው እንዴት እንደምለይ፣ ጎባጣውን በዓይን እንዴት እንደማውቅ ያሳየኛል። ሥራውን አልጠላሁትም። ሲያስተምረኝ ድምፁ ለስላሳ ነበር፤ ያ ልስላሴው ነው ያስፈራኝ። ካሁን በኋላ የምትውለው እዚህ ነው የሚለኝ ይመስለኛል።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ለአባቴ ምሳ ይዤ በትምህርት ቤቱ በር ሳልፍ ጋሽ ደምሴ ከሩቅ በእጃቸው ጠሩኝ። ዝናቡ አባርቶ ነበር።

«ነይ አንቺ! አልሰማሽም? ስምንተኛ ተፈቀደ!»

«ይማሉ?»

«በባንዲራዬ! ዲሬክተሩ አሁን ከሚኒስቴር መጥቶ ነገረኝ። ኢንስፔክተሩ ምን አለ መሰለሽ? በየሄድኩበት ልጆቹ የሸመደዱትን ያነበንቡልኛል፤ እዚህ አንዲት ልጅ የራሷን ወሬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእንግሊዝኛ አወራችኝ። ሌላ ምን ልመርምር ብሏል።»

ምሳውን ታቅፌ ሮጥኩ። ጭቃው ጫማዬን አንድ ጊዜ አስቀርቶብኝ ተመልሼ አወጣሁት። አባቴ ከቁልሉ አናት ላይ ቆሞ፣ ቤት ሊሠራ ከመጣ ሰው ጋር ይከራከራል። ዋጋ ከያዘ ሰማይ ቢወርድ የማይነቃነቅ ነጋዴ ነው፤ ሰውዬው ሁለት ጊዜ ሄዶ ሁለት ጊዜ ተመልሷል።

«አባባ! ስምንተኛ ተከፈተ! እዚሁ! ተፈቀደ!»

አባቴ ቁልቁል አየኝ። ባርኔጣውን አውልቆ ዝናብ የሌለበትን ግንባሩን ጠረገና ወደ ገዢው ዞረ።

«ይቺ ልጄ ናት» አለው። «ስምንተኛ ልትገባ ነው።»

«እንኳን ደስ አለዎት» አለ ሰውዬው።

«የሚኒስትሪ ፈተና ትወስዳለች።»

«እሰየው! ታዲያ ለዚህማ ለእኔም ትንሽ ይቀንሱልኝ እንጂ።»

አባቴ ቁልሉን አየ፤ እኔን አየ።

«በጠራኸው ውሰደው» አለ።

ሰውዬው የሰማውን ማመን አቅቶት አንድ አፍታ ቆመ፤ ከዚያ ነጋዴው ሐሳቡን ሳይለውጥ ብሎ እጅጌውን ሰብስቦ አጣናውን ይዞት በመጣው ጋሪ ላይ በሩጫ ይጭን ጀመር። አባቴ ከቁልሉ ወርዶ ምሳውን ከእጄ ተቀበለኝ።

«ምን ቆመሻል?» አለኝ፤ «ሂጂ፣ ለእናትሽ ንገሪያት!»